ስንፈልገው የኖርነው የጥቁርና ነጭ ጠጠር ጌም ስሙ ተገኘ፦ ጎሞኩ ናራቤ፣ ፋሚኮም 1983

ባለካሴቱ · ቅዳሜ ከምሽቱ 3፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ከሃያ ዓመት በላይ ስሙን ስፈልገው የኖርኩትን ጌም ትናንት ማታ አገኘሁትና ሳልነግራችሁ ማደር አልቻልኩም።

ልጅ እያለን ታላቅ ወንድሜ ከመርካቶ የገዛው ባለ ብዙ ጌም ካሴት ነበረን። ማሪዮውን፣ ታንኩን፣ ዳክዬ አደኑን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ማውጫው ሁለተኛ ገጽ ላይ ግን ማንም የማይከፍተው አንድ ጌም ነበር። ሲከፈት የሚሮጥ የለ፣ የሚተኮስ የለ። መስመር የተሰመረበት ሰሌዳ፣ ጥቁርና ነጭ ጠጠር፣ የማናነበው ፊደል፣ በቃ። እኛ ወዲያው ሪሴት እንለው ነበር።

አንድ እሑድ እናቴ ቡናውን ከጀበና እየቀዳች «ቆይ፣ ይሄን አትዝጋው፣ ምንድን ነው?» አለችና ጆይስቲኩን ተቀበለችኝ። ሕጉን የነገራት ሰው የለም። ማሽኑ ሦስት ጊዜ አሸነፋት። በአራተኛው «አምስት በተርታ ነው የሚፈልገው፤ ዝም ብሎ እኮ አይደለም የሚያስቀምጠው» አለች። ከዚያ በኋላ ቅዳሜና እሑድ ከቡና በኋላ ቴሌቪዥኑ የእሷ ሆነ። ከዚያ ካሴት ውስጥ እናቴ የተጫወተችው ጌም ይሄ ብቻ ነው።

አሁን ጎሞኩ ናራቤ እንደሚባል አውቄአለሁ። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ዶንኪ ኮንግን የሠራው ኔንተንዶ ገና ፋሚኮም የተባለውን የጌም ማሽኑን ባወጣበት ሰሞን ለምን ጠጠር መደርደሪያ ይሠራል? የምታውቁ ንገሩኝ።

---

ሚኪ_ሬትሮ · ቅዳሜ ከምሽቱ 3፡42

እንኳን አገኘኸው ወንድሜ! የዚህን ጌም ዕድሜ ሰው አያውቀውም። ፋሚኮም ጃፓን ውስጥ ለገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. ጁላይ 15 ቀን 1983 ነው፤ ዋጋው 14,800 የን። የዚያን ቀን የነበሩት ጌሞች ሦስት ብቻ ናቸው፦ ዶንኪ ኮንግ፣ ዶንኪ ኮንግ ጁኒየርና ፖፓይ። ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ ኦገስት 27፣ ጎሞኩ ናራቤና ማጆንግ (ስዕል ባለባቸው ጠጠሮች የሚጫወቱት) በአንድ ቀን ተከተሉ። የቱቦ ሠራተኞቹ ማሪዮ ብራዘርስ እንኳ በፋሚኮም የወጣው ሴፕቴምበር 9 ነው። ስለዚህ እናትህ የተጫወተችው ከማሪዮ ብራዘርስ የቀደመውን ነው።

ያኔ የነበረው ጆይስቲክ ቁልፎቹ አራት ማዕዘን የላስቲክ ነበሩ፤ እየተጣበቁ ስላስቸገሩ በኋላ ክብ ፕላስቲክ ሆኑ። ደግሞ ጃፓኖቹም እንደኛው «ካሴት» ነው የሚሉት።

ጎሞኩ በጊዜው ከጃፓን ውጭ አልተሸጠም። እኛ ዘንድ የደረሰው ያለፈቃድ በሚባዙት ካሴቶች ነው፤ እነሱ ያገኙትን ሁሉ ይሰበስቡ ስለነበር።

ለጥያቄህ የኔ መልስ ግን አያስደስትህም። ማሟያ ነው። ማሽኑ ሦስት ጌም ብቻ ይዞ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ ቶሎ የሚሠራ ነገር ተፈለገ፤ ሕጉ የታወቀ፣ ስዕሉ ቀላል የሆነ ነገር ተመርጦ በፍጥነት ተሠርቶ ወጣ። ከዚያ በላይ የሚቆፈር ነገር ያለው አይመስለኝም።

---

ናፍቆት_ኦሳካ · ቅዳሜ ከምሽቱ 4፡20

ሚኪዬ፣ ቀኖቹን ልክ ነህ፣ ፍርዱ ላይ ግን ቸኮልክ።

መጀመሪያ ስሙን ልፍታላችሁ። «ጎ» አምስት ነው። «ሞኩ» ቃል በቃል ዓይን ማለት ሲሆን እዚህ መስመሮቹ የሚገናኙበትን ነጥብ ይወክላል። «ናራቤ» መደርደር። አምስት ነጥብ መደርደር፣ ያው ነው። የጌሙ ስም ግን እዚህ አያበቃም፤ ከጎኑ «ሬንጁ» የሚል ተጨምሯል። ትርጉሙ የተያያዘ ዶቃ ነው፤ በክር እንደተሰካ ዶቃ አስቡት። ይህን ስም ለጨዋታው ያወጣለት በ1899 የዮሮዙ ቾሆ ጋዜጣ ባለቤት የነበረው ኩሮይዋ ሩይኮ ነው።

ስሙ ብቻ ሳይሆን ጨዋታውም ከልጆች ጎሞኩ ይለያል። ጎሞኩን ማንኛውም የጃፓን ልጅ ካሬ ደብተር ላይ ክብ እየሳለና እያጠቆረ ይጫወተዋል። ችግሩ ጥቁር ሁልጊዜ ስለሚጀምር ትልቅ ብልጫ አለው። ሬንጁ ጥቁርን ያስራል። ሁለት ክፍት ሦስት (ሁለቱም ጫፉ ያልተዘጋ የሦስት ጠጠር ድርድር) በአንድ ጠጠር መሥራት አይፈቀድለትም፤ ሳን-ሳን ይሉታል። ሁለት አራት በአንድ ጠጠርም ክልክል ነው። ስድስትና ከዚያ በላይ መደርደርም እንደዚሁ፤ ቾረን ይባላል። ነጭ ግን ነፃ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቪክቶር አሊስ የተባለ የኔዘርላንድ ተመራማሪ ክልከላ የሌለበት ጎሞኩ 15 በ15 ሰሌዳ ላይ ቀድሞ የጀመረው ተጫዋች ካልተሳሳተ እንደሚያሸንፍ በኮምፒውተር አረጋግጧል። ሬንጁን ያበጁት ሰዎች ይህን በእጃቸው ከጠጠሩ ተምረውት ነበር።

ለምን ተሠራ ለሚለው፦ ኔንተንዶ በ1889 ኪዮቶ ውስጥ ሲመሠረት የሃናፉዳ ካርታ የሚሠራ ቤት ነው። ከዚያ በኋላ የሾጊ (የጃፓን ቼዝ)፣ የጎ (በጥቁርና ነጭ ጠጠር ቦታ የመክበብ ጨዋታ) እና የማጆንግ ዕቃም ሸጧል። የሃናፉዳው ካርታ ዛሬም ኪዮቶ ሄዳችሁ ትገዛላችሁ። ፋሚኮም ደግሞ «ፋሚሊ ኮምፒውተር» ለሚለው ማሳጠሪያ ነው። ቤት ውስጥ ያለው ቴሌቪዥን አንድ፣ እሱም የአባትና የእናት ነው። ለቤተሰብ ነው ብለህ የሰየምከውን ዕቃ ለልጅ ብቻ አታደርገውም። የዚያን ዕለት አብሮት የወጣው ማጆንግ ከ2 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ነው የተሸጠው። የገዙት የአሥር ዓመት ልጆች ብቻ አይመስሉኝም።

ባለካሴቱ፣ ለጥያቄህ መልሱን ራስህ ጽፈኸዋል። እናትህ ጆይስቲኩን የተቀበለችህ ለዚህ ነው።

---

ጋሼ_ሰንጠረዥ · እሑድ ከጠዋቱ 1፡05

ልጆቼ፣ ደስ የሚል ወሬ ይዛችኋል። አንድ ነገር ግን ላርም። ይህን ጨዋታ የጃፓን ብቻ አስመሰላችሁት። ቻይኖች ዉዚቺ ይሉታል፣ ኮሪያዎች ኦሞክ። ጎም ከቻይና የመጣ ነው፤ ማጆንግማ የቻይና መሆኑን ማንም አይክድም። ለአንድ አገር ብቻ መስጠቱ ልክ አይመስለኝም።

---

ናፍቆት_ኦሳካ · እሑድ ከጠዋቱ 2፡30

ጋሼ፣ እውነትዎን ነው፤ አምስት መደርደር የምሥራቅ እስያ የጋራ ሀብት ነው። ነገር ግን ካሴቱ ላይ «ሬንጁ» ተብሎ የተጻፈው፣ ጥቁርን የሚያስረው ሕግ፣ 15 በ15 ሰሌዳው፣ ይህ እዚህ ጃፓን የተበጀ ነው። ዛሬ በዓለም አቀፍ ውድድር የሚጫወቱትም ይህንኑ ነው፤ ዓለም አቀፉ የሬንጁ ፌዴሬሽን በ1988 ስቶክሆልም ላይ ተመሥርቶ በዓመቱ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ኪዮቶ ውስጥ ተካሂዷል። እርስዎ የቼዝ ሰው ስለሆኑ ይረዱኛል፤ ቼዝም ከሕንድ ተነሥቶ በየደረሰበት ሌላ ሕግ እየለበሰ ነው የሄደው።

---

ጋሼ_ሰንጠረዥ · እሑድ ከጠዋቱ 2፡51

እንደሱ ካልሽው ተቀብያለሁ፤ ተባረኪ።

---

ዜሮና_አንድ · እሑድ ከቀኑ 7፡15

ሚኪ «በፍጥነት ተሠርቶ ወጣ» ያለው ከንክኖኝ ነው የገባሁት። ሙያዬ ፕሮግራም መጻፍ ነው፤ ለፋሚኮም ትንንሽ ነገር ለራሴ ጽፌአለሁ። እስቲ ማሽኑን ቀረብ ብለን እንየው።

ፕሮሰሰሩ 6502 የሚባለው ቺፕ ቤተሰብ ነው፣ ፍጥነቱ 1.79 ሜጋኸርዝ። የሥራ ሜሞሪው 2 ኪሎባይት፣ ማለትም 2,048 ባይት ብቻ። 8 ቢት ስለሆነ ኢንዴክሱ (የሜሞሪ ቦታ መቁጠሪያው) ከ0 እስከ 255 ድረስ ነው የሚቆጥረው። 256 ባይት አንድ ገጽ ይባላል፤ ከገጽ ሳትወጣ ከሠራህ ኮድህ አጭርም ፈጣንም ይሆናል።

አሁን የሬንጁን ሰሌዳ ውሰዱት፤ 15 በ15። በየረድፉ ጫፍ አንድ ባዶ አጥር ጨምሩ፣ 16 ይሆናል። ከታችም አንድ የአጥር ረድፍ ጨምሩ። 16 ጊዜ 16፣ 256! ሰሌዳው ከነአጥሩ አንድ ገጽ ላይ ልክክ ይላል፤ አንድ ባይት አይተርፍም፣ አንድ ባይት አይጎድልም። ወደ ቀኝ መሄድ ስትፈልግ 1 ትደምራለህ፣ ወደ ታች 16፣ በአንዱ ሰያፍ 17፣ በሌላው 15። አጥሩን ስትነካ ሰሌዳው ማለቁን ታውቃለህ። ይህን መጀመሪያ ወረቀት ላይ ሳሰላው ከወንበሬ ነው የተነሣሁት። የጎ ትልቁ ሰሌዳ ግን 19 በ19 ነው፣ 361 ነጥብ፤ ገጹን አልፎ ይፈስሳል።

ስክሪኑንም እዩት። ፋሚኮም ላይ እንደ ማሪዮ ያለ ተንቀሳቃሽ ስዕል ባንዴ 64 ብቻ ነው የሚፈቀደው፤ በአንድ አግድም መስመር ደግሞ ከ8 አያልፍም፤ ዘጠነኛው ይጠፋል። የሬንጁ አንድ ረድፍ እስከ 15 ጠጠር ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ጠጠሩ እንደ ግድግዳ ስዕል ከጀርባው ላይ መቀባት አለበት። እዚህ ላይ ጨዋታው ለማሽኑ የተፈጠረ ይመስላል፤ ጠጠር አንዴ ከተቀመጠ አይነሣማ! አንድ ጠጠር፣ አንድ ቅብ፣ አለቀ።

ማሰቡ ነው ከባዱ። 15 በ15 ሰሌዳ ላይ አምስት ሊደረደርባቸው የሚችሉ ቦታዎች 572 ናቸው፤ አግድም 165፣ ቁልቁል 165፣ በሁለቱ ሰያፍ 121፣ 121። እነዚህን ሁሉ አንዴ ለመቃኘት ይህ ፕሮሰሰር የሰከንድ ሠላሳኛ ያህል ይፈጅበታል እንበል። «እኔ እዚህ ባኖር እሱ እዚያ ቢያኖር» እያለ ሁሉንም ጥንድ ልሞክር ካለ ባዶ ሰሌዳ ላይ 225 በ224፣ 50,400 አቀማመጥ ይሆናል። 28 ደቂቃ! ያውም ሁለት እርምጃ ብቻ ለማየት። ማን ቤቱ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል?

እኔ ብጽፈው ማሽኑ ወደፊት እንዲያይ አላደርገውም፤ ቅርጽ እንዲያነብ ነው የማስተምረው። ሁለት ጫፉ ክፍት የሆነ ሦስት ይህን ያህል ነጥብ፣ አንድ ጫፉ የተዘጋ አራት ይህን ያህል፣ የተቃራኒው ደግሞ ይህን ያህል። ለራሱ ቅርጽ ብዙ ነጥብ ከሰጠኸው አጥቂ ይሆናል፣ ለተቃራኒው ከሰጠኸው ፈሪ። አንድ ቁጥር ስትቀይር ጠባዩ ይቀየራል። የባለካሴቱ እናት «ዝም ብሎ አይደለም የሚያስቀምጠው» ያሉት ይህንን ነው። ኮድ ሳያዩ የማሽኑን ጠባይ አነበቡት።

---

ሚኪ_ሬትሮ · እሑድ ከቀኑ 8፡02

የ256ቱ ነገር አስደነገጠኝ። «ማሟያ ነው» ያልኩትን አንሥቻለሁ።

ግን ጥያቄ አለኝ። የጃፓን ትልቁ የሰሌዳ ጨዋታ ሾጊ ነው አይደል? ፋሚኮም ላይ እስከ 1985 የቆየው ለምንድን ነው? ኦገስት 1985 ሴታ ያወጣው «ናይቶ ኩዳን ሾጊ ሂደን» እጄ ላይ አለ። ስሙን የሰጠው ናይቶ ኩኒዮ የዘጠነኛ ዳን፣ ማለትም የከፍተኛው ማዕረግ፣ ሾጊ ተጫዋች ነበር፤ በ1976 ደግሞ ዘፍኖ በጣም ተወዶለታል። ሁለቱንም የቻለ ሰው ነው።

---

ዜሮና_አንድ · እሑድ ከቀኑ 8፡40

ሾጊ ሌላ ተራራ ነው። ሰሌዳው ትንሽ ነው፣ 9 በ9። ነገር ግን የበላኸውን የተቃራኒ ጦር ወስደህ በራስህ ተራ መልሰህ ባዶ ቦታ ላይ ታኖረዋለህ። ቼዝ እየተበላላ ሲሄድ እየቀለለ ይሄዳል፤ ሾጊ ወደ መጨረሻው ይበልጥ ይጠላለፋል። በአማካይ በቼዝ አንድ ተራ ላይ 35 ያህል አማራጭ አለህ፣ በሾጊ 80 ያህል።

ስዕሉን ደግሞ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ውበቱ እዚህ ነው። የሾጊ ጦር ቀለሙ አንድ ነው። የማን እንደሆነ የምታውቀው ሹሉ ወደየት እንደዞረ አይተህ ነው። የፋሚኮም ተንቀሳቃሽ ስዕል መገልበጥ ይችላል፣ የጀርባው ስዕል ግን አይገለበጥም። ስለዚህ እያንዳንዱን ጦር አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች አድርገህ ሁለቴ መሳል አለብህ። ከነ ማዕረጋቸው 14 ዓይነት ናቸው። የቻይና ፊደሉ በ8 በ8 ነጥብ ስለማይነበብ እያንዳንዱ አራት ጡብ (8 በ8 ነጥብ የሆነ ትንሽ ስዕል) ይፈልጋል። 14 ጊዜ 2 ጊዜ 4፣ 112 ጡብ። ለጀርባ ባንዴ ያለህ 256 ብቻ ነው። ሰሌዳውን፣ ጽሑፉን፣ ቁጥሩን ሳትስል ግማሹን ልትጨርሰው ነው። ለጎሞኩ ግን ጥቁር፣ ነጭ፣ መስመር ይበቃል።

የሾጊ ረሃብ እስከየት እንደሄደ ማየት ለሚፈልግ ደግሞ፣ በ1995 ለፋሚኮም ተተኪ ለሱፐር ፋሚኮም የወጣው «ሀያዛሺ ኒዳን ሞሪታ ሾጊ 2» ካሴቱ ውስጥ የራሱ ባለ 32 ቢት የኤአርኤም ፕሮሰሰር ነበረበት። ስልካችሁ ውስጥ ያለው ፕሮሰሰር ዘመድ ነው። በዚያ ማሽን ላይ ያንን ቺፕ የተጠቀመ ሌላ ጌም የለም።

---

ናፍቆት_ኦሳካ · እሑድ ከምሽቱ 1፡18

የጎውንም ነገር ልጨምር፤ ታሪኩ ከጎ ያልፋል።

የኔንተንዶ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሂሮሺ ያማውቺ ጎ አጥብቀው የሚወዱና ጎበዝ ተጫዋች ነበሩ። ያኔ ጃፓን ውስጥ ይኖር የነበረ ሄንክ ሮጀርስ የሚባል የኔዘርላንድ ተወላጅ ይህን ሰማና ለፋሚኮም ጎ ልሥራ ብሎ በቀጥታ ጻፈላቸው። አግኝተው አነጋገሩት። ፕሮግራመር ልሰጥህ አልችልም ሲሉት እሱ የሚፈልገው ገንዘብ ብቻ መሆኑን ነገራቸው። እጁ ላይ አንድ እንግሊዛዊ ኮሞዶር 64 ለተባለው ኮምፒውተር የጻፈው የጎ ፕሮግራም ነበረ። ኮሞዶርም ፋሚኮምም የ6502 ዘር ስለሆኑ ማዛወሩ ይቻላል። በ1987 «ኢጎ ኪዩ ሮባን ታይኪዮኩ» ተብሎ የሮጀርስ ኩባንያ በሆነው ቡሌት ፕሩፍ ስም ወጣ። ሰሌዳው 19 በ19 ሳይሆን የጀማሪው 9 በ9 ነው፤ ዜሮና አንድ ያለው የገጽ ነገር እዚህ ላይ ትዝ ይበላችሁ።

በዚህ ጎ ምክንያት ሮጀርስ ያማውቺ ቢሮ መግባት የሚችል ሰው ሆነ። በጃንዋሪ 1988 ላስ ቬጋስ ላይ ቴትሪስን አይቶ ሲይዘው፣ በ1989 ደግሞ ሞስኮ ድረስ ሄዶ ለጌም ቦይ (በእጅ ለሚያዘው የኔንተንዶ ማሽን) ሲያስፈቅድ ያ በር ክፍት ነበረ። ቴትሪስ ጌም ቦይ ላይ ሲገባ ሁሉም ሰው ያየዋል፤ ከበስተጀርባው ያለውን 9 በ9 ሰሌዳ የሚያይ ግን ጥቂት ነው።

---

ባለካሴቱ · እሑድ ከምሽቱ 3፡30

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ሁሉንም ለእማዬ አነበብኩላት። የ256ቱን ነገር ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ።

ካሴቱ ከጠፋ ቆይቷል። ናፍቆት የጃፓን ልጆች ካሬ ደብተር ላይ ይጫወቱታል ስላልሽ የልጄን የሒሳብ ደብተር አውጥተን አሁን እየተጫወትን ነው። እማዬ ጥቁር፣ እኔ ነጭ። መነጽሯን አድርጋ እያሰበች ነው፤ ተራው የእሷ ነው። ስምንተኛው ረድፍ ላይ 6፣ 7 እና 8ኛው ነጥብ የእሷ ናቸው፤ 5ኛውን እኔ ዘግቻለሁ። 9ኛው ቋሚ መስመር ላይ ደግሞ ስድስተኛና ሰባተኛው ረድፍ የእሷ ናቸው፤ ከላይም ከታችም ክፍት ነው። የቀሩት የኔ ነጮች ራቅ ራቅ ብለው ተበትነዋል። እድናለሁ?

---

ናፍቆት_ኦሳካ · እሑድ ከምሽቱ 3፡37

በስምንተኛው ረድፍ 9ኛው ነጥብ ላይ ካስቀመጡ አትድንም። በአንድ ጠጠር አግድም አራት፣ ቁልቁል ክፍት ሦስት ይሆንላቸዋል። ክልክል የሆነው ሦስት ከሦስት፣ አራት ከአራት ነው፤ አራት ከሦስት ለጥቁር የተፈቀደ ነው፣ ሬንጁ ተጫዋቾች ሌት ተቀን የሚፈልጉትም እሱኑ ነው። አንተ አራቱን ለመዝጋት 10ኛው ላይ ትገደዳለህ፤ እሳቸው ቁልቁሉን ሁለት ጫፉ ክፍት አራት ያደርጉታል። ምናልባት አላዩት ይሆናል፤ ዝም በል።

---

ዜሮና_አንድ · እሑድ ከምሽቱ 3፡39

ያዩታል።

---

ባለካሴቱ · እሑድ ከምሽቱ 3፡52

ስልኬን ሳላስቀምጥ 9ኛው ላይ አጠቆረችው። 10ኛው ላይ ክቤን ሳልኩ። ደብተሩን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ ዘጠነኛው ረድፍ ላይ ሌላ አጠቆረችና እርሳሱን ሰጠችኝ። ከላይም አንድ ባዶ አለ፣ ከታችም አንድ።